በማግስቱ የሚበላ ሙዝ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ባሌን «የሙዙ ሰውዬ» ይሉታል። የሚሉት ለሹፈት ነው። አቡዘር ሱቅ በር ላይ የጨርቅ ጥቅል ከመኪና ሲያወርድ ያዩትና «ባንታየሁ፣ ዛሬስ የማንን ማሳ አስነቅለህ መጣህ?» ይሉታል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ብሆን ጥቅሉን አናታቸው ላይ እለቅባቸው ነበር። ግን እኔን የሚጠይቀኝ የለም፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝም ይኸው ነው። ስለዚህ የባሌን ነገር ከእነሱ አፍ ሳይሆን ከእኔ ስሙ።

ባንታየሁ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። አባቱ የሙዝ እርሻ ዘበኛ ስለነበሩ ከሰው ይልቅ ሙዝ እያየ ነው ያደገው ብል አላጋነንኩም። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቶ ሁለት ዓመት ሥራ ቢፈልግ አጣ፤ በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ለምግብ ቤቶች ሽንኩርትና ድንች ሲያደርስ ኖረ። የተዋወቅነውም እኔ በማበስልበት ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ በእትዬ እህተማርያም ምግብ ቤት ጓሮ በር ላይ ነው። ጆንያውን አራግፎ መሄድ ሲገባው መደርደሪያው ላይ ያለውን ሙዝ እያገላበጠ «ይሄኛው ውኃ ጠጥቶ ያደገ ነው፣ ይሄኛው ሳይደርስ ነው የተቆረጠው» እያለ ያደርቀኝ ጀመር። ሌላው ወንድ ስለ ዓይኔ ሲያወራ እሱ ስለ ሙዝ ሥር በሽታ ያወራል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አገባሁት።

ሥራውም የመጣው በዚሁ በሙዝ ወሬ ነው። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ካሉት የውጭ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ፈረንጅ ዶክተር እኛ ጋ ምሳ ይበላ ነበር። የእሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ብጠራውም የሚጠቅመው ሰው የለም። አንድ ቀን ባንታየሁ ጆንያ ተሸክሞ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ዶክተሩ ስልኩ ላይ ያለ የታመመ የሙዝ ቅጠል ፎቶ ለጓደኛው ሲያሳይ አየ። ቆም አለና በሽታውን በስሙ ጠራው። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። ከወር በኋላ ባሌ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ጊጊሪ ይገባ ጀመር። ያን ባጅ ይዞ የመጣ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከናይሮቢ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ኮረብታ ላይ የሰፈሩ ገበሬዎች አሉ። መሬታቸው ጠባብ ነው፤ ግማሽ ኤከር ያለው ሰው ደህና አለው ይባላል። አረንጓዴውን ሙዝ ልጠው ይቀቅሉታል፤ ማቶኬ ይሉታል፤ ለእነሱ ዋና ምግባቸው ነው። ያ ሙዝ በአጠውልግ በሽታ እያለቀ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በሽታውን የሚቋቋም የተዳቀለ ዝርያ አመጣ። ስም እንኳን አላወጡለትም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። የባንታየሁ ሥራ ገበሬዎቹን አሳምኖ አሮጌውን ማስነቀል፣ አዲሱን ማስተከል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ክልክል ነው። ለምን ቢባል፣ ምርቱ ከተቀላቀለ የአዲሱን ውጤት ለይቶ መለካት አይቻልም ነው መልሱ። ሰውየው ሊለካ ሲል ሌላው የሚበላውን ይንቀል ማለት ነው።

ከገበሬዎቹ ሁሉ ባንታየሁን ያስቸገሩት ማማ ንዱታ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች በእጃቸው ላይ ያሉ፣ አጭር፣ ቁጣቸው ቀልድ የሚመስል ቀልዳቸው ደግሞ ቁጣ የሚመስል ሴት ናቸው። ከማሳቸው ግማሹ ጠውልጓል፤ ግማሹ ግን ገና ያፈራል። «ምዋሊሙ፣» ይሉታል፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው፤ «የሞተውን ልንቀልልህ። በሕይወት ያለውን እንዴት ብዬ?» ሰባት ጊዜ ተመላለሰባቸው። የእሳቸው ጎረቤቶች ደግሞ ዓይናቸው እሳቸው ላይ ነው፤ ማማ ንዱታ ከነቀሉ ሁሉም ይነቅላል፤ እሳቸው እምቢ ካሉ የባሌ ሥራ አበቃ። በስምንተኛው ጊዜ «እሺ፣ ግን አንተን አምኜ ነው። ሙዝህን አላውቀውም። መጀመሪያ ልቅመሰው» አሉት።

የቅምሻው ቀን የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ መጣና «ሠርኬ፣ ሠላሳ ገበሬ ጊጊሪ ይመጣል፤ የምታበስይው አንቺ ነሽ» አለኝ። እንዴት ነው የሚሠራው ስለው «እንደ ድንች ቀቅለሽ ጨው ማድረግ ነው» አለ። ባሌ የሙዝን ቅጠል፣ ግንድና ሥር ያውቃል፤ እኛ አገር ግን ሙዝ ልጠው የሚበሉት ፍራፍሬ ነው፤ ተቀቅሎ በገበታ የቀረበ ሙዝ እሱም እኔም በልተን አናውቅም። ከምርምር ጣቢያው የመጣውን ትንሽ ቀቅዬ ቀመስኩት። ኖራ ኖራ አለኝ። «ባንቴ፣ ይሄ ነገር አይጥምም» አልኩት። «አንቺ ስላልለመድሽው ነው» አለኝ። እኔም እንግዲህ ካልለመድኩት ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ልተወው አልቻልኩም። ሠላሳ እንግዳ መንገድ መትቶ ይመጣል፣ ፈረንጆቹም ቆመው ያያሉ፣ እኔ ሠርክ ደግሞ ጨው ብቻ የነካው ቅቅል ላቀርብ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ? የማን ልጅ ነች ቢባልስ? በቅምሻው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ሽንኩርቱን አቁላላሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን ጨመርኩ፤ ከሞያሌ የተላከልኝን ንጥር ቅቤ ሳልሰስት ለቀቅኩበት። ሙዙ በዚያ መረቅ ውስጥ ለስልሶ ወጣ። ባንታየሁ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ግንባሬን ሳመኝ። ከሽታው አንድ ነገር መጠርጠር ነበረበት፤ አልጠረጠረም።

ረፋዱ ላይ ገበሬዎቹ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው በአውቶቡስ መጡ። በሩ ላይ ዘበኞቹ መታወቂያቸውን ሰበሰቡ፤ ከአውቶቡሱ ሥር መስታወት አስገብተው አዩ፤ ከማማ ንዱታ ቦርሳ ሁልጊዜ የሚይዟትን ትንሽ ቢላ አውጥተው ወሰዱ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ሲራመዱ የሰው ሳሎን ምንጣፍ እንደሚረግጥ ሰው ሆኑ። ሁሉም እንደዚያ ሆነው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳጥን ተደርድሯል፤ አንዱ ላይ የሚስቅ ፊት፣ አንዱ ላይ ዝም ያለ ፊት፣ አንዱ ላይ የሚያለቅስ ፊት ተሥሏል። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ የባቄላ ፍሬ ተሰጥቶታል። ቀምሶ እንደ ወደደው መጠን ባቄላውን ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል። እኔ ከሳጥኖቹ ጎን ነጭ ሽርጤን አገልድሜ፣ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። በሉ፤ ጨመርኩላቸው፤ በሉ። በየተራ እየመጡ እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ ባቄላቸውን የሚስቀው ፊት ላይ ጣሉ። ማማ ንዱታ ሳህናቸውን በጣታቸው ጠርገው በሉና «ንዙሪ ሳና» አሉኝ፤ በጣም ጥሩ። ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙ ሳቀ። አንደኛው ጥርሱን ታሞ ሳይበላ የቀረ ሽማግሌ ነው።

ያን ዕለት ባሌ የዓለም ንጉሥ ነበር። ዶክተሩ እጁን ጨብጦ ወዘወዘው።

በነጋታው ጠዋት ድስቱን ላጥብ ስከፍተው ከሥሩ አምስት ስድስት ፍሬ ተርፎ አገኘሁ። በማንኪያ ብነካው አልገባልኝም። ከመረቁ አውጥቼ በቢላ ብቆርጠው ቢላው ተንሸራተተ፤ ሳሙና ሆኗል። አሞቅኩት፤ ሞቀ እንጂ አልለሰለሰም። ባንታየሁ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሪፖርቱን እየጻፈ ያፏጫል። ልጠራውና ላሳየው አስቤ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ከቀዘቀዘ ምግብ ምን ይጠበቃል፣ ማንስ ያደረውን ይበላል፣ ሰውየውን ደስ ባለው በአንድ ቀኑ ለምን ላውከው አልኩ። ሙዙን በፌስታል ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። የጣልኩት እንዳያየው አድርጌ ነው፤ ከሌላ ቆሻሻ ሥር። እንግዲህ ልቤ አንድ ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ማማ ንዱታ ነቀሉ። ያፈራውንም ያላፈራውንም፣ ሥሩን ሳይቀር ቆፍረው አውጥተው አቃጠሉት። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሉ። ባንታየሁ በዝናብ ጊዜ እየሄደ አብሯቸው ተከለ፤ ጫማው ላይ ያለውን ቀይ ጭቃ እኔ ነኝ የማራግፈው። አዲሱ ሙዝ ግሩም ሆኖ በቀለ። በሽታ ዞር ብሎ አላየውም። ዘለላው ሰው የሚያክል ሆነ፤ እንዳይገነደስ በባላ ደገፉት። ማማ ንዱታ ከዘለላው ጎን ቆመው የተነሡት ፎቶ ጊጊሪ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ሪፖርቱ ታተመ፤ ዶክተሩ በማዕረግ አድጎ ወደ ሌላ አገር ሄደ። የባንታየሁ ኮንትራት ለአንድ ዓመት ታደሰ። እኛም አንድ ክፍል የነበረውን ቤታችንን ሁለት ክፍል አደረግነው።

ምርቱ ከደረሰ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ ነው ማማ ንዱታ ሁርሊንግሃም የመጡት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ምግብ ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም። ቦታውን ሰው ጠይቀው፣ ሁለት ማታቱ ቀይረው ነው የመጡት። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከቦርሳቸው የፕላስቲክ ሳህን አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ትናንት ማታ የተቀቀለ ማቶኬ ነው።

«ካሪቡ፣ ልጄ፤ ብዪ» አሉኝ።

አንዱን አነሣሁ። ጥርሴ ሲነክሰው ያ ጠዋት መጣብኝ። ማኘክ አቅቶኝ አፌ ውስጥ ያዝኩት።

«እኛ እንጨት አንድደን የምናበስለው ማታ አንድ ጊዜ ነው» አሉ ማማ ንዱታ ቀስ ብለው። «ጠዋት ቀዝቃዛውን በሻይ እንበላለን። እኔ ይዤው ሻምባ፣ ማሳዬ፣ እወርዳለሁ፤ ልጆቹ ይዘውት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አሁን ልጆቹ ሳይበሉ ይመልሱታል። ገበያ ወስጄ ሸጥኩ፤ የገዛችኝ ሴት በሁለተኛው ቀን ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ውሻዬ እንኳን አሽትቶት ሄደ።»

«ያን ቀን ግን ወዳችሁት ነበር» አልኩ። ይህን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

«የወደድነው መረቅሽን ነው። አንቺ ጭልፋ ይዘሽ ፊታችን ቆመሽ፣ የሚያለቅሰው ሳጥን ውስጥ እንዴት እንጣለው? ሰው ቤት ሄዶ፣ በልቶ ሲያበቃ ምግቡን የሚያጣጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። እኔም ሰው ቤት በልቼ አልጣመኝም ብዬ አላውቅም።

ባንታየሁ ደውዬለት ከጊጊሪ መጣ። ሲያያቸው ፊቱ በራ፤ «ማማ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሙዙ እንዴት ነው?» አለ። እሳቸው በአገጫቸው ሳህኑን አሳዩት። ተቀመጠ፤ አንድ ፍሬ አንሥቶ በላ። ሙሉውን አኝኮ ዋጠው። ሁለተኛውንም አነሣ። ፊቱ ጠቁሮ ጠቁሮ አመድ መሰለ።

«አሮጌውን መልሼ እንዳልተክል ዘሩ የለም» አሉት። «ከሥሩ የሚበቅለውን ልጅ ለምኜ እንዳላመጣ፣ እኔን አይቶ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሏል። እኔ ስነቅል አይተው ነው የነቀሉት፣ ምዋሊሙ። አሁን በቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይሄን ታውቁ ነበር ወይስ አታውቁም ነበር?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። በአማርኛ ነው ያናገረኝ።

«ያን ቀን ከድስቱ የተረፈ ነበር?»

«ነበር።»

«በማግስቱ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንዲህ ሆኖ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምን አደረግሽው ታዲያ?»

«ጣልኩት፣ ባንቴ።»

የያዘውን ፍሬ ሳህኑ ላይ መለሰው። ቢጮህብኝ፣ ሳህኑን ቢወረውርብኝ በቀለለኝ። ማማ ንዱታ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ እያዩ «ምን ትላለች?» አሉት።

ባንታየሁ ፊቱን አዙሮ በስዋሂሊ «ምንም አልተረፈም ነበር ነው የምትለው፣ ማማ» አላቸው። «እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ያዘዝኳትን ነው ያበሰለችው። ሲቀዘቅዝ እንዲህ እንደሚሆን እኔ አውቅ ነበር።»

ስዋሂሊ በደንብ እሰማለሁ። ማማ ንዱታም እንደምሰማ ያውቃሉ። የዚያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ በሌላ መልኩ ይሄድ ነበር። አልተናገርኩም። ባሌን ልጠብቅ ብዬ አይደለም፤ እሳቸውን ፈርቼ ነው፤ ራሴን ወድጄ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ማማ ንዱታ ተነሡ። ሳህናቸውን ከደኑና ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። «ስምንት ጊዜ ቤቴ መጥተሃል» አሉት። «ስምንቴም ሻይ አፍልቼልሃለሁ። ከእንግዲህ በበሬ እንዳላይህ።» ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ሁለት እጄን ያዙ። «አንቺን ግን አሳንቴ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። ያን ቀን በር ላይ እንደ ሌባ ፈተሹን፤ አንቺ እንደ ሰው አበላሽን» አሉኝና ጉንጬን ሳሙኝ። ከንፈራቸው ሸካራ ነበር፤ አሁንም ይሰማኛል።

ወሬው ከማታቱው ቀድሞ ኮረብታው ደረሰ፤ ምዋሊሙ እያወቀ ነው ያስነቀለን ተባለ። ባንታየሁ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ጊጊሪ ሄዶ ለአዲሱ ኃላፊ ነገረው። ኃላፊው ሪፖርቱን ከፍቶ «ሠላሳ ሰው ቀምሶ ሃያ ዘጠኙ ወድዷል፤ የተዘጋ ጉዳይ ነው» አለው። ባሌ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ትቶለት ወጣ። ከዚያ በየእሑዱ አሮጌውን ሙዝ ፍለጋ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰፈሮችን መዞር ጀመረ። እዚያ አገር ከሙዝ ሥር የሚበቅለውን ልጅ የሚለምን ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለማያውቁት መንገደኛ እንኳን ቆፍረው ይሰጣሉ። እሱን ግን ከለከሉት። ማንነቱን ሰምተው ነበር። «አንተ የእኛን ሙዝ በሽተኛ ነው ያልከው አይደለህም?» ይሉትና በራቸውን ይዘጋሉ። አራት ወር ሙሉ ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ሄዶ ባዶ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። በአምስተኛው ወር ተወው፤ አቡዘር ጋ ጥቅል ማውረድ ጀመረ።

ማማ ንዱታ ያን ሙዝ ነቅለው ስኳር ድንች ተከሉ። ይህን የማውቀው ስለሚልኩልኝ ነው። በየሦስት አራት ወሩ በማታቱ ሹፌር እጅ አንድ ጆንያ ይመጣል፤ «ለምታበስለዋ ልጅ ስጥልኝ፣ ለባሏ አይደለም» ብለው ነው የሚልኩት፤ ሹፌሩም መልእክቱን ሳያጎድል በየጊዜው ይነግረናል። ጆንያውን ግን ከመኪናው አውርዶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቤት የሚያመጣልኝ ባንታየሁ ነው። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ።

ባለፈው ጊዜ አላስችል አለኝ። ጆንያውን በር ላይ ሲያወርድ «ባንቴ፣ ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በቃኝ» አልኩት።

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ተይ» አለ። «በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያምኑት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። እሱንም ልትወስጂባቸው ነው?»

ለእሳቸው ብሎ ነው። እኔ ግን ተይ ሲለኝ እፎይ አልኩ።